ባለቤቴ ብቻዋን የተጠየቀችበት ቀን

ዘመኑ ሁለት ሺህ ዐሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው፤ እኔ ሰባ ሦስት ዓመቴ ነበር። በጥቅምት፣ ገብሱ ለአጨዳ ሲደርስ፣ ደባርቅ ከተማ ያለውን ቤቴን ለልጄ በስጦታ ላስተላልፍለት ብዬ ተነሣሁ። ስጦታው በሕግ እንዲጸና ውልና ማስረጃ መሄድ ግድ ነው አሉኝ።

እኔ ግንበኛ ነበርሁ። ከደባርቅ እስከ ዛሪማ፣ ከዳባት እስከ ጃናሞራ ድንጋይ ጠርቤያለሁ፣ መሠረት አቁሜያለሁ። አንድም ቀን ወረቀት ተፈራርሜ ሥራ ይዤ አላውቅም። ሁለት ሽማግሌ ይቀመጣል፣ «ይህን ያህል ክንድ፣ በዚህ ቀን» እላለሁ፣ አለቀ። ፊደል የቆጠርሁትም ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስሜን እጽፋለሁ፣ ሜትር አነባለሁ። ከዚያ ወዲያ የጨመርሁት ትንሽ ነው፤ እዚህ የተጣመመ ፊደል ያገኘ ሰው ይለፈኝ።

የደባርቁን ቤት የሠራሁት በገዛ እጄ ነው። ወደ መንገድ የሚያይ ሦስት ክፍል አለው፤ ከጓሮ ደግሞ አንዲት ጠበብ ያለች ክፍል። ልጄ አስተማሪ ነው፤ አራት ልጅ ይዞ ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት ይንከራተታል። እኔ በበኩሌ ከዳባት ወጣ ብሎ፣ ያባቴ መሬት ላይ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለፋ ከርሜ አዲስ ቤት አቁሜያለሁ። ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ከደጁ ቆሞ ላየ ሰው እስከ ቆላው ድረስ ይታያል። ማዕዘኑን ለክቼ፣ ድንጋዩን አንድ በአንድ መርጬ ነው የገነባሁት። ሐሳቤ የደባርቁን ለልጄ ሰጥቼ፣ ባለቤቴን ይዤ አገሬ ልገባ፣ የራሴን ገብስ እየበላሁ እዚያው ልቀበር ነው።

ባለቤቴ ምን አለች ብትሉኝ፣ ምንም አላለች። አንድ ሁለት ጊዜ ራት ላይ ነግሬያታለሁ። «እንግዲህ አንተ ካልህ» አለች። ለእኔ ይህ እሺ ማለት ነው። ሌላ ምን ልትል ኖሯል ብዬ አላሰብሁም።

ማክሰኞ ቀን ልጄን አስከትዬ ቢሮው ሄድሁ። አንድ ጠረጴዛ፣ ጥቂት ወንበር፣ የቀረው ሁሉ እስከ ጣራ የተደረደረ ፋይል ነው። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠችው ሰነድ አረጋጋጭ የመጨረሻ ልጄን የምታህል ሴት ናት፤ ከቆላ አገር የመጣች መሰለኝ፣ ወፍራም ሹራብ ለብሳ አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላለች። «ይቀመጡ አባቴ» አለችኝ። ወረቀቴን አንድ በአንድ አየች፤ የቤቱን ካርታ፣ መታወቂያዬን፣ የጋብቻ ማስረጃችንን፣ ቤቱ ዕዳም እገዳም የለበትም የሚለውን። መታወቂያው ላይ ያለውን ፎቶ አየች፣ እኔን አየች፣ ደግማ ፎቶውን አየች።

«እኔው ነኝ» አልኋት። «ጢሙ ነው የጨመረ።»

«እርስዎ መሆንዎን ማየት ሥራዬ ነው፣ አባቴ። ባለቤትዎስ?»

«ቤት ናት።»

«እሳቸውም መጥተው መፈረም አለባቸው። ቤቱ የሁለታችሁ ነው።»

«እኔ ፈረምሁ ማለት እሷ ፈረመች ማለት ነው። አርባ ስምንት ዓመት አብረን ኖረናል።»

«መቶ ዓመትስ ቢኖሩ? ያላየሁትን ሰው ቃል አልጽፍም።»

«እሺ፣ ሁለት ሽማግሌ ይመስክርልሽ።»

«ሽማግሌዎቹን ለምስክርነት ያምጧቸው። እሳቸውን ግን አይተኩም።»

ልጄ እጅጌዬን ጎተተኝና ወጣን። «ይህቺ ልጅ ማኅተሙን ካባቷ የወረሰችው መስሏታል» እያልሁ እስከ ቤት ድረስ ስነጫነጭ ሄድሁ። ልጄ እየሳቀ «አባባ፣ ሐሙስ እንመጣለን ብለናታል፤ በቃ» አለ።

ረቡዕን በከንቱ አላሳለፍሁም። ዳባት የሚሄድ የጭነት መኪና አገኘሁና አልጋችንን አስጫንሁ። ጠፍር አልጋ ነው፤ ቆዳውን ስንጋባ በገዛ እጄ የተለተልሁት። አዲሱ ቤት አስገብቼው፣ በሩን ቆልፌ ተመለስሁ። ሐሙስ ይፈረማል፣ ቅዳሜ እንገባለን፣ ዕቃ ቀድሞ ቢሄድ ምን ይጎዳል ብዬ ነው። ባለቤቴ አልጋው የነበረበትን ወለል አየች፣ እኔን አየች፣ አጎዛ አንጥፋ መሬት ተኛች። እኔም ደክሟት ነው ብዬ አለፍሁት።

ሐሙስ ጠዋት አምስት ሆነን ሄድን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልጄ፣ ሁለት ምስክር። አንደኛው ምስክር ጎረቤታችን ነው፤ በሊማሊሞ ቁልቁለት ዕድሜውን ሙሉ መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ አፉ የማያርፍ ሰው። ሁለተኛው አንድ የደብራችን ቄስ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ብዙ አይናገሩም።

ባለቤቴ የሞሰብ ወርቅ ክዳን የሚያህል ቋጠሮ ቆሎ ይዛ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ለአረጋጋጯ አስቀመጠችላት። ልጅቱ በሁለት እጇ አንሥታ መለሰችላት።

«እግዜር ይስጥልኝ እናቴ፤ ከባለጉዳይ ምንም አልቀበልም።»

«ቆሎ እኮ ነው፣ ልጄ!»

«ቆሎም ቢሆን።»

«ለእኔ ይሰጠኝ፣ እኔ ባለጉዳይ አይደለሁም» አለ ጎረቤቴ፤ ቋጠሮውን ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

ከዚያ አነበበችልን። እንደ ሌላ ሹም እያጉረመረመች አይደለም፤ ቀስ ብላ፣ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር፣ በያንዳንዱ ላይ ቀና እያለች «ገባዎት?» እያለች ነው። ቤቱ የት እንደሚገኝ፣ በምን እንደሚዋሰን፣ ማን ለማን እንደሚሰጥ። «ሰጪዎች ቤቱን ለቀው ለተቀባይ ያስረክባሉ» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች። ባለቤቴን አየቻት። ባለቤቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች።

«ገባዎት እናቴ?»

«ገብቷታል» አልሁ እኔ።

«እሳቸውን ነው የጠየቅሁ።» ወረቀቱን አስቀመጠችው። «አሁን ሁላችሁም ትንሽ ውጡልኝ። እናቴን ብቻቸውን ላነጋግር። ቀጥሎ እርስዎንም ብቻዎን አነጋግርዎታለሁ።»

ሌሎቹ ተነሡ። እኔ አልተነሣሁም።

«ባለቤቴ ካለችበት ቤት ማንም አስወጥቶኝ አያውቅም» አልሁ።

ጎረቤቴ ከበሩ ዞር ብሎ «ስድስት ጊዜ ስትወልድ ማን አስወጣህ?» አለኝ።

«እሱ ሌላ ነው!»

«ውጣ እንጂ አንተ፤ ሊማሊሞ ላይ እንኳ የሚወርደው ለሚወጣው ይቆምለታል።»

ልጅቱ ብዕሯን ከደነች። እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። «እኔ እስከ ስድስት ሰዓት እዚህ ነኝ፣ አባቴ» አለች፣ ምንም ቁጣ የለባትም። እኔም «እኔ ደግሞ ጡረተኛ ነኝ፣ እስከ ማታ አለሁ» አልኋት። ተፋጥጠን ተቀመጥን። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ላይ አልረታም፤ ከሁለት መሐንዲስ ጋር ተፋጥጬ መሠረት ያስቀየርሁ ሰው ነኝ። መቼም እዚያው የምንደርቅ መስሎኝ ነበር።

«ይውጡ እስቲ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ባለቤቴ ናት። ሰው ፊት እርስዎ ትለኛለች፣ ቤት አንተ። ዐይኗን ከወለሉ አላነሣችም፣ ግን ደግማ «ትንሽ ይውጡልኝ» አለች። እግሬ ራሱ አወጣኝ።

ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ብርዱ ገና አልለቀቀም፣ ጋቢዬን ተከናነብሁ። ፊት ለፊቴ የቢሮው አጥር ግንብ አለ። ማን እንደሠራው አላውቅም፤ መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ አሳርፎ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር አድርጎታል። እንዲህ ያለ ግንብ አንድ ኃይለኛ ክረምት ይፈታዋል። ያን እያየሁ እናደድ ጀመር። በግንበኛው ልናደድ በልጅቱ፣ ለይቼ አላውቀውም። ጎረቤቴ ቆሎውን እየቆረጠመ «ምን ታወራላት ይሆን?» ይላል። «ምን ታወራለች! እሺ በማለት የሚያልቅ ነገር» አልሁት። «እሺ ለማለት ይህን ያህል ይቆያል?» አለኝ። ቄሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

ቆየች። ብዙ ቆየች። በኋላ ተጠርተን ገባን። ባለቤቴ ዐይኗ ቀልቷል፣ ፊቷ ግን ፈታ ብሏል።

«አባቴ» አለች ልጅቱ፣ «ይህን ውል አሁን ባለበት ማኅተም አላሳርፍበትም።»

«ለምን?»

«አልነግርዎትም። እናቴ የነገሩኝ ለእኔ ነው። ቢፈልጉ ራሳቸው ይንገሩዎት። ከሰዓት በኋላ ሰባት ተኩል ላይ እከፍታለሁ።»

«ማነሽ አንቺ በእኔና በባለቤቴ መሐል የምትገቢ?»

ልጄ «አባባ!» አለ። ልጅቱ ግን አልተቀየመችም። «መሐል አልገባሁም፤ ሁለታችሁንም ለየብቻ መጠየቅ ሥራዬ ነው። ስንት ሰው አለ መሰለዎት፣ ፈርሞ ሄዶ ከዓመት በኋላ ሳልወድ ነው የፈረምሁት ብሎ ፍርድ ቤት የሚቆም። ያን ጊዜ ማኅተሙ ይጠየቃል። ማኅተሙ ደግሞ እኔ ነኝ።»

ልጄ ምስክሮቹን ሻይ ላጠጣ ብሎ ይዟቸው ሄደ። እኔና ባለቤቴ ያን ክፉ ግንብ ተደግፈን ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። ኋላ እሷ ጀመረች።

«ያገርህ ወንዝ የት ነው ያለው?»

«የምን ወንዝ?»

«ውኃ የሚቀዳበት።»

«ከገደሉ ሥር ነዋ።»

«ቤቱን የት ነው የሠራኸው?»

«አፋፉ ላይ።»

«ይኸው» አለች። «ከዚያ ገደል እንስራ አዝዬ ስንት ዓመት እንደወጣሁ ታውቃለህ? ደባርቅ እስክንገባ ድረስ። ይህ ጉልበቴ የተበላው እዚያ ዳገት ላይ ነው። አሁን ባረጀሁም ጊዜ ልትመልሰኝ ነው?»

«አህያ እገዛልሻለሁ።»

«አህያዋ ቤተ ክርስቲያንም ታደርሰኛለች? የማርያም ማኅበርተኞቼንስ ጭና ታመጣልኛለች? እዚህ በሬን ከፍቼ አሥር እርምጃ ስሄድ ቧንቧ ነው። ደወሉን ሰምቼ ተነሥቼ እደርሳለሁ። እዚያ ከማን ጋር ላወራ ነው? ከገደሉ ጋር?»

«ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅኸኝ? ነገርኸኝ እንጂ አልጠየቅኸኝም። አልጋዬን እንኳ ስታስጭን አልጠየቅኸኝም። ያቺ ልጅ፣ እናቴ ቤቱን ከሰጡ በኋላ የት ነው መኖር የሚፈልጉት ብላ ጠየቀችኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። አለቀስሁባት።»

«ለባዳ ተናገርሽ።»

«የጠየቀችኝ ባዳዋ ናት።»

ተነሣሁ። ትቻት እስከ አስፋልቱ ድረስ ወጣሁ፣ እውነቱን ነው የምጽፍ። ተናድጄ ነበር፣ አፍሬም ነበር። ወደ ሊማሊሞ የሚወርዱ መኪኖች እያለፉ ቆሜ አየሁ። ያን ቤት ስሠራ ነፋሱ በየት እንደሚመጣ አጥንቻለሁ። ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ አይቻለሁ። ድንጋዩን ከየት ባወጣው ይሻላል ብዬ የሰፈሩን ሰው አንድ ሳይቀር ጠይቄያለሁ። ባለቤቴ ውኃ ከየት እንደምትቀዳ ግን አንድ ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ውኃ እኔ ስመጣ ሁልጊዜ ቤት ውስጥ ነበር የማገኘው።

ተመልሼ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ቃሉ ከጉሮሮዬ እንደ ትልቅ የማዕዘን ድንጋይ ነው የወጣ።

«እሺ፤ የት ነው መኖር የምትፈልጊ?»

«እዚሁ። የጓሮዋ ክፍል ትበቃኛለች። ቤቱን ለልጄ ስጥ፤ እኔም ደስ ይለኛል፣ የልጅ ልጆቼ እላዬ ላይ እየተራወጡ። ብቻ ከዚህ አታስወጣኝ።»

«እኔስ?»

«አንተ እግር አለህ። ለእርሻ ውረድ፣ ለአጨዳ ውረድ፣ ቤትህን ስታየው ዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ናልኝ።»

ልጄ ሲመለስ ነገርነው። ፊቱ ደም መሰለ። «እኔ ቤት ነው የቸገረኝ እንጂ እማማን አስወጡልኝ አላልሁም! እሷም አገር መግባት የምትፈልግ መስሎኝ ነው» አለ። «ሁላችንም መስሎን ነው» አልሁት።

ሰባት ተኩል ላይ ገባን። ባለቤቴ ራሷ፣ ጮክ ብላ፣ የምትፈልገውን ተናገረች። ልጅቱ ሰምታ እንዲህ አለች፦ «እኔ ይህን አድርጉ ያንን አታድርጉ አልልም፤ የማንም ወገን አይደለሁም። ሕጉ የሚፈቅደውን መንገር ግን ግዴታዬ ነው። ቤቱን ሰጥታችሁ፣ የጓሮው ክፍል ላይ በሕይወት እስካላችሁ የመኖር መብት ማስቀረት ትችላላችሁ። ልጅዎ ነገ ቢሸጠው እንኳ የገዛው ሰው እንዳያስወጣችሁ ሆኖ ይጻፋል።»

«እኔ እናቴን!» አለ ልጄ።

«እርስዎ አያደርጉትም። ወረቀት የሚጻፈው ግን ለማያውቁት ቀን ነው» አለችው።

በር ላይ ተቀምጦ ለባለጉዳይ ውል የሚጽፍ አንድ ጸሐፊ ያችን አንቀጽ ጨምሮ ውሉን እንደገና ጻፈው። ደግማ ከመጀመሪያው አነበበችልን፣ እንደ ጠዋቱ ቀስ ብላ። የመኖር መብት የሚለው ላይ ስትደርስ «ለሁለታችሁ ይሁን ለእናቴ ብቻ?» ብላ ጠየቀች።

«ጠባያቸውን ካሳመሩ ለሁለታችንም» አለች ባለቤቴ። ቄሱ ሳይቀሩ ሳቁ።

ከዚያ ሌሎቹን አስወጥታ እኔን ብቻዬን አስቀረችኝ።

«አባቴ፣ ይህን ውል በፈቃድዎ ነው የሚፈርሙት? ያስገደደዎት ሰው አለ?»

«አለ እንጂ! ባለቤቴ» አልኋት፣ ለጨዋታ ብዬ።

አልሳቀችም። ብዕሯን ከፈተች። «ልጻፈው?»

«አይ፣ አይ! ጨዋታ ነው፣ ልጄ። በፈቃዴ ነው። አእምሮዬም በቦታው ነው።»

«እንግዲህ እንዲህ ይበሉኝ እንጂ» አለች፤ ያን ጊዜ ፈገግ አለች።

ለመፈረም ስንደርስ ቀለሙን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው፤ በዕድሜዬ ያለ ሰው አብዛኛው በአውራ ጣቱ ነው የሚፈርም። «ስሜን እጽፋለሁ» አልሁ። በየገጹ፣ በየቅጂው ጻፍሁት፣ አንድም ፊደል ሳልዘል። ጎረቤቴ «ኧረ ፀሐይቱ ልትጠልቅ ነው! ቤቱን ስትሠራው እንኳ ይህን ያህል አልፈጀብህም» አለ። ልጅቱ ግን አልቸኮለችም፤ ብዕሬ በሄደበት ሁሉ በዐይኗ ስትከተል ነበር። ባለቤቴ በአውራ ጣቷ ፈረመች፤ ተጭና፣ አሻራዋ አንድ በአንድ እስኪታይ። ምስክሮቹ ፈረሙ፣ ልጄ ተቀበልሁ ብሎ ፈረመ። መጨረሻ ላይ ልጅቱ ስሟን ጽፋ ፈረመችና ማኅተሙን አሳረፈች።

«አንዱ ለእናንተ፣ አንዱ ለልጅዎ፣ አንዱ እዚህ መዝገብ ቤት ይቀመጣል። ቢጠፋባችሁ፣ ቢቃጠልባችሁ፣ እዚህ አለ» አለች፤ ወስዳም ከነዚያ እስከ ጣራ ከተደረደሩት ፋይሎች መሐል አስገባችው።

ስንወጣ በሩ ላይ ቆሜ «ልጄ፣ የግቢሽ ግንብ አሠራሩ ልክ አይደለም፤ በሚመጣው ክረምት ይወድቃል» አልኋት።

«እሱን ለኃላፊው ይንገሩ፣ አባቴ። ግንቡ የእኔ ሥልጣን አይደለም።»

የራሷን ወሰን የምታውቅ ሰው ደስ ትለኛለች። ሄጄ ለኃላፊው ነገርሁ፤ እሺ አለኝ። እስከ ዛሬ አልሠሩትም።

በማግስቱ ዓርብ ጠዋት ሜትሬን ከሣጥን አወጣሁና የጓሮዋን ክፍል ለካሁ። አልጋው በቁመትም በአግድምም ይገባል። ባለቤቴ ደጅ ላይ እህል ታበጥር ነበር። ሄጄ «ራስጌው ወዴት በኩል ይሁንልሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። ሰፌዱን አስቀምጣ፣ ገብታ፣ ግድግዳውን ዞር ዞር ብላ አየችና «በመስኮቱ በኩል፣ ደወሉ እንዲሰማኝ» አለች። ከዚያ የመጀመሪያውን መኪና ይዤ ዳባት ወረድሁ፤ አፋፉ ላይ ወጥቼ አዲሱን ቤቴን ከፈትሁና አልጋውን በሁለት ሰው አሸክሜ እስከ መኪናው መንገድ አወጣሁት።